ሁለት ዛፍ

ከኦሊንዶ ሱቅ ደጅ፣ ከመስታወቱ ፊት፣
ሦስተኛ ቅዳሜ፣ ቆሜያለሁ በጠዋት።
አንዱ ወፍራም ጎማ፣ ጥርሱ ያገጠጠ፣
ድንጋይ የናፈቀው፣ ጭቃ ያላመጠ፤
አንዱ ቀጭን ኮርሳ፣ ቀንዱ የታጠፈ፣
ቆሞ እንኳ ሲያዩት የሄደ፣ ያለፈ።

ዋጋቸው እኩል ነው፣ አራት መቶ ሰማንያ፤
አሥራ አንድ ወር በእግሬ፣ ያውቶቡስ መክፈያ
ያጠራቀምኩበት የብስኩት ጣሳ አለች፤
ከደረቴ ታቅፌያት እሷም ትጠብቃለች።

የሥራዬ ነገር ለሁለት ተከፍሏል፦
ማለዳ ያወጣኛል፣ ማታ ያወርደኛል።
ማለዳ ከላይ ነኝ፣ ከቤርጋሞ አናት፣
ኤርሲሊያን ላለብስ፣ ፀጉሯን ላበጥርላት፤
መንገዱ ኮብልስቶን፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ፣
እንደ አሮጊት ጥርስ ድንጋዩ የዋለለ።
ማታ ከሜዳው ነኝ፣ ከበቆሎው ማዶ፣
አስፋልቱ እንደ ሐር ክር እስከ ስቴዛኖ ወርዶ፤
ጋውዴንሲዮ ከአልጋው ሾርባውን ይጠብቃል፣
አምስት ደቂቃ ባረፍድ ማንኪያውን ያንቃጭላል።

ሁሉም ምክር አለው። አስካለ፦ «ወፍራሙን!
ከቀጭኑ ወድቀሽ ልትሰብሪ ክንድሽን?»
ኢቫኖ የእሑድ ጋላቢ፣ ቱታው ላይ የተሰፋ፣
ሆዱ ብቻ አሻፈረኝ ብሎ ወደፊት የተገፋ፦
«ወፍራም ጎማ በሬ ነው፤ ያርሳል እንጂ አይበርም፤
ኮርሳን የቀመሰ ወደ በሬ አይመለስም!»

ኦሊንዶ ግን ዝም ነው። የጠቆረ ጣቱን በጨርቅ ይጠርጋል።
«ካቴና» ይለኛል፣ እየጠቆመ። «ካቴና» እለዋለሁ።
«ፖምፓ።» «ፖምፓ።»
«ካሜራ ዳርያ።» «ከመነዳሪ» እለዋለሁ።
ቀና ብሎ አየኝ፦ «ይህን ማን አስተማረሽ?»
«ጋሽ ጠንክር፣ ከዚራ፣ ከጎሚስታው ደጅ።»
«ጣልያንኛ ነው» አለ። «ድሬዳዋኛ ነው» አልኩት፤
ላንድ ካቴና ሁለት ባለቤት አገኘንለት።

ማታ፣ ለጋውዴንሲዮ ሾርባ ሳጎርሰው
ነገርኩት። ወጣት ሳለ ተወዳዳሪ ሰው፣
አንድም ቀን ያላሸነፈ፤ ጉልበቱ ላይ ያለው
ጠባሳ ብቻ ነው «ሜዳሊያዬ» የሚለው።
«በኛ አገር» አልኩት፣ «ሁለት እግር አለኝ ብሎ
ሁለት ዛፍ አይወጣም።» ሳቀ፣ ጉርሻውን ጥሎ።
«ስሚ፤ ለሚጠሉት መንገድ ብስክሌት አይገዛም፤
ለምትወጂው ግዢ። ሌላውን በእግርሽ ጨርሺው» አለና
አፉን ከፈተ፤ ሾርባው አላለቀም ገና።

ሌሊቱን አሰብኩት፦ የቱን ነው የምወደው?
ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳው ላይኛውን ግንብ ነው፤
የኔ ግን ሜዳው ኖሯል፦ የቦይ ዳር፣ የመጋዘን ግድግዳ፣
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላዬ በበቆሎው ላይ ሲነዳ።

ኮርሳውን ገዛሁት።

ሰኞ፣ ኮብልስቶኑ ሲጀምር ወረድኩ፤
እንደ ታመመ ጥጃ በትከሻዬ ያዝኩ።
ኤርሲሊያ ከመስኮቷ፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፦
«ማነው ማንን የጋለበው?» ብላ ሳቋ ሰፈሩን አደረ።
ገባሁ። የነጭ ጋወኔን ትከሻ ካቴናው ነክሶታል፤
ጥቁር፣ ቅባታም፣ ጥርስ በጥርስ ታትሟል።

ማበጠሪያውን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።
«አውልቂው።»
ሎሚ ቆረጠች፣ በሚንቀጠቀጥ ጣቷ፣
እኔ በወንበሯ፣ እሷ ቆማ ከገንዳዋ፣
ታሸው ጀመር፤ አሽታ፣ አሽታ፣ በብርሃን አየችው፤
አልለቀቀም።
«ነገም ታመጪዋለሽ?»
«ነገም፣ ከነገ ወዲያም።»
«እንግዲያው» አለች፣ «ስትመጪ ሎሚ ግዢ።»